«ካፒቴን ብላድ»ን አይተው ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1935 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዋርነር ብራዘርስ ለእይታ ያበቃው «ካፒቴን ብላድ» በማይክል ከርቲዝ ዳይሬክተርነት የተሠራ፣ ኤሮል ፍሊንና ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ የተወኑበት የባሕርና የሰይፍ ጀብዱ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ራፋኤል ሳባቲኒ በ1922 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ ፊልም በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት መጽሐፉን፣ ፊልሙንና እውነተኛውን ታሪክ አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ከሁሉ የከፋው የመጽሐፉን ለፊልሙ፣ የፊልሙን ለመጽሐፉ መስጠት ነው። በሁለቱም ፒተር ብላድ አየርላንዳዊ ሐኪም ሲሆን፣ በ1685 በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ላይ ካመፁት የሞንመዝ መስፍን ተከታዮች የቆሰለ አንዱን ስላከመ ብቻ ሞት ይፈረድበታል፤ ቅጣቱም ተለውጦ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተግዞ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። በመጽሐፉ የሚሸጠው ባርባዶስ ውስጥ ብሪጅታውን ላይ ነው፤ የሚገዛውም ጨካኙ ኮሎኔል ቢሾፕ ነው። በፊልሙ ገበያው ጃማይካ ውስጥ ፖርት ሮያል ይሆናል፤ ገንዘቡን የምትከፍለውም የኮሎኔሉ የወንድም ልጅ አራቤላ ናት። በዚህም ፊልሙ ወደፊት የሚፋቀሩትን ሁለት ሰዎች ከመነሻው ገዢና ተሸጭ አድርጎ ያፋጥጣቸዋል።

ብላድ አምልጦ የባሕር ወንበዴ ከሆነ በኋላ በባሕር ዳርቻ ከፈረንሳዊው ወንበዴ ሌቫሱር ጋር የሚያደርገው የሰይፍ ግጥሚያ ደግሞ ልዩነቱን ይበልጥ ያጎላዋል። በመጽሐፉ ብላድ ሰይፍ የሚመዘው የቶርቱጋ ደሴት አስተዳዳሪ የነበረውን የዶዠሮንን ሴት ልጅ ለማዳን ሲሆን፣ አራቤላ በቦታው የለችም፤ እንዲያውም ወሬውን ቆይታ ተዛብቶ ስትሰማው ብላድን «ሌባና ወንበዴ» ብላ እስከ መናቅ ካደረሷት ነገሮች አንዱ ይኸው ግጥሚያ ነው። የፊልሙ ጽሑፍ ደራሲ ኬሲ ሮቢንሰን ሁለቱን ሴቶች በአንዷ በአራቤላ ስለጠቀለላቸው ትረካው ፈጠነ፤ ጀግናው በበጎ ሥራው የሚወቀስበት ምፀት ግን አብሮ ቀረ። እኔ መጽሐፉን ከፊልሙ የማስበልጠው በዚህ ነው፤ ይህን ሳያነጻጽር «ፊልሙ ልብ ወለዱን በታማኝነት ተከትሏል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ይበድላል።

ሁለተኛው ስህተት ብላድን በእውን የነበረ ሰው አድርጎ ማቅረብ ነው። የሞንመዝ አመፅ፣ አማፅያኑ ድል የተመቱበት የሴጅሙር ጦርነትና የዳኛ ጄፍሪስ ጭካኔ የተሞላበት ችሎት በታሪክ የተመዘገቡ ናቸው፤ ፒተር ብላድ ግን የደራሲው ፈጠራ ነው። መነሻ የሆነው ሄንሪ ፒትማን የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ እሱም ከአመፁ በኋላ ወደ ባርባዶስ ተግዞ በጀልባ አምልጧል። በ1671 ከለንደን ግንብ የእንግሊዝን ዘውድ ለመስረቅ የሞከረው ኮሎኔል ቶማስ ብላድ በስም ቢመሳሰልም ሌላ ሰው ነው።

የ1935ቱን ፊልም የመጀመሪያው አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ነው። ልብ ወለዱ በ1924 ድምፅ አልባ ፊልም ሆኖ ቀርቦ ነበር። በዚያው ዓመት ከሌላው የሳባቲኒ መጽሐፍ ከ«ዘ ሲ ሆክ» የተሠራም ድምፅ አልባ ፊልም ነበረ፤ በ«ካፒቴን ብላድ» ከምናያቸው የመርከብ ውጊያዎች ከፊሎቹ ከእሱ ተቆርጠው የገቡ ናቸው። ከርቲዝና ፍሊን በ1940 የሠሩት «ዘ ሲ ሆክ» ግን ከመጽሐፉ የወሰደው ርእሱን ብቻ ስለሆነ፣ የሳባቲኒ ታሪክ ነው ማለት አይቻልም።

ፍሊን በዚህ ፊልም ታወቀ እንጂ ትወና አልጀመረበትም፤ በ1933 በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ በተሠራ ፊልም ተውኗል። ለሚናው ቀድሞ የታጨው እንግሊዛዊው ሮበርት ዶናት ነበር። ፊልሙም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጨ እንጂ አላሸነፈም።

የመጨረሻው ሙዚቃውን ይመለከታል። ለሙዚቃው ሠሪ ለኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለነበረ፣ ለግጥሚያው ትዕይንት ከፍራንዝ ሊስት የሙዚቃ ድርሰት ከ«ፕሮሜቴዎስ» ተውሷል። በዚህም ምክንያት ስሙ በሙዚቃ ደራሲነት እንዳይጻፍ ፈልጎ በአቀናባሪነት ብቻ እንዲወጣ አድርጓል፤ የመክፈቻውን ጽሑፍ ሳያነብ የሚያልፍ ተቺ ግን እሱ ራሱ የእኔ አይደለም ያለውን ጭምር ይሰጠዋል።