ዳታቤዙ አልሞተም፣ ሞልቶ ነው

ስልኬ የሚጮኸው መብራት በተመለሰ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። «ሲስተሙ እምቢ አለ፤ ዳታቤዙ ሞቷል መሰለኝ።»

አልሞተም። ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በምንከራየው ሰርቨር ላይ) ያለ ዳታቤዝ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ማሽኑን የሚጠብቀውም፣ ባክአፕ የሚይዘውም አገልግሎት ሰጪው ነው። የእኛ ድርሻ የምንጽፈው ኮድ፣ የምንከፍተው ኮኔክሽን (ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚዘረጋው መስመር) እና የምንነካካው ሴቲንግ ነው። ብልሽቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ እኛ ዘንድ ነው።

ኢንተርኔት መኖሩን አይታችኋል፣ ፓስወርዱም ልክ ነው ብዬ ልጀምር። የማወራው አርዲኤስ በሚባለው የአማዞን የዳታቤዝ አገልግሎት ላይ ስላለ ፖስትግሬስ የተባለ ዳታቤዝ ነው።

ጭራሽ አይገባም፤ ቆይቶ «ታይም አውት» ይላል

ፓስወርድ ቢሆን ወዲያው ይመልስላችሁ ነበር። ዝም ብሎ ቆይቶ ታይም አውት ካለ ፋየርዎሉ (ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው ዘበኛ) ነው። የሱቁ ራውተር ጠፍቶ ሲነሳ አዲስ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ይዞ ይመጣል፤ ሴኪዩሪቲ ግሩፑ (የአማዞኑ ፋየርዎል) ላይ የተመዘገበው ግን የድሮው ነው። አዲሱን አስገቡ፤ ዘላቂው መፍትሄ ቪፒኤን (የተዘጋ የግል መስመር) ነው። አንድ ልጅ በየጊዜው መመዝገቡ ሰልችቶት የፖስትግሬስን በር፣ ፖርት 5432ን፣ ለዓለም ሁሉ ከፍቶ አገኘሁት። ሎጉ (የዳታቤዙ የክንውን መዝገብ) ማንነታቸው በማይታወቅ ሰዎች የፓስወርድ ሙከራ ታጭቋል። ይህን አታድርጉ። ለአንድ ቀንም፣ «ለቴስት ነው» ብላችሁም አታድርጉ።

አንዱ ኮምፒውተር ይገባል፣ ሌላው አይገባም

ዋናው ይሄ ነው። መልእክቱ ውስጥ «ቱ ሜኒ ክላየንትስ» ወይም «ኮኔክሽን ስሎትስ» የሚል ታያላችሁ።

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ለብቻው ፕሮሰስ ይከፍታል። እያንዳንዱ ሜሞሪ ይበላል፤ ስለዚህ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ካልተነካ 100 ነው። አርዲኤስ ደግሞ በማሽኑ ሜሞሪ ልክ ያሰላዋል፤ 1 ጊጋ ያላት ትንሿ ማሽን መቶ አካባቢ ትይዛለች።

ደሴ ፒያሳ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። ስድስት ኮምፒውተር አለው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቀጥታ ዳታቤዙ ላይ እንዲገባ፣ ሲነሳም 10 ኮኔክሽን እንዲከፍት አድርጎታል። 60 ሆነ፤ ይበቃል። ከዚያ መብራት ድርግም ይላል። ኮምፒውተሮቹ ቻው ሳይሉ ይጠፋሉ። ዳታቤዙ መሄዳቸውን በምን ይወቅ? 60ውንም እንደያዘ ይጠብቃል። መብራት ይመለሳል፤ ሌላ 60 ይመጣል። ሞላ።

እስከ መቼ ይጠብቃል? በሊኑክስ ነባር ሴቲንግ ከሆነ ዝም ያለን ኮኔክሽን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። መልስ ሲያጣ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሬሳ ታቅፎ ይቀመጣል ማለት ነው።

የሚያናድደው ሪስታርት ሲደረግ መስተካከሉ ነው። ነጋዴው ይህን አይቶ «ማሽኑ አንሶ ነው» አለ። ያማከረው ሰውም እጥፍ የሆነ ማሽን አስገዛው፤ ክፍያው በዶላር ነው እንግዲህ። በሳምንቱ መብራቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ያም ሞላ።

ሪስታርት አታድርጉ። መጀመሪያ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የሚባለውን ቪው (የተከፈቱትን ኮኔክሽኖች የሚዘረዝር ሠንጠረዥ) ከፍታችሁ ማን ስንት እንደያዘ እዩ። «አይድል» (ሥራ ፈት) ሆነው የተኮለኮሉትን በፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ትእዛዝ ዝጓቸው፤ ሱቁ ሥራ ይጀምራል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ፑል (ሲነሳ የሚከፍተውን የኮኔክሽን ብዛት) ወደ 2 አውርዱ፤ ካሸሯ 10 ኮኔክሽን ምን ልታደርግበት ነው? ኪፕአላይቩን (ያ «አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠብቀውን ጊዜ) 60 ሰከንድ አድርጉት። ይህን የምትቀይሩት በፓራሜተር ግሩፕ (የዳታቤዙ ሴቲንግ በሚቀመጥበት ቦታ) ነው። ዲፎልቱ አይነካም፤ የራሳችሁን ፈጥራችሁ ታያይዛላችሁ፣ አንድ ጊዜም ሪቡት ታደርጋላችሁ። ሪቡቱን ረስተው «ቀይሬው ነበር፣ አልሠራም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

ከሥሩ የሚነቅለው ግን ኮምፒውተሮቹን ከዳታቤዙ ማላቀቅ ነው። መሃል ላይ ትንሽ ኤፒአይ (የኮምፒውተሮቹን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ዳታቤዙ የሚያደርስ ፕሮግራም) እና ፒጂባውንሰር (ጥቂት ኮኔክሽን ለብዙዎች የሚያካፍል ፕሮግራም) አስቀምጡ። ፒጂባውንሰሩን በትራንዛክሽን ሞድ (ኮኔክሽኑን ለአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም አንድ ላይ ለሚፈጸም የሥራ ጥቅል፣ ብቻ በሚያውስበት) ካስኬዳችሁት በሴሽን (ገብቶ እስኪወጣ ባለው ቆይታ) ላይ የሚንጠለጠል ሴቲንግ ወይም ሎክ የሚጠቀም ኮድ ይበላሽባችኋልና ፈትሹ።

ሁሉም ገብቷል፣ አንዱ ዕቃ ግን አልመዘገብ አለ

ሱቁ ሚስማር ይሸጣል፣ ቆርቆሮ ግን ሴቭ አይልም። ያንኑ ቪው ስከፍት አንድ መስመር «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ይላል፤ ከጀመረ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አፕሊኬሽን ኔም በሚባለው ቦታ ላይ ስሙን እንዲጽፍ አድርጌ ስለነበር መጋዘኑ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ድሮ ቢሆን ለማጣራት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዤ ኮምቦልቻ እወርድ ነበር።

«ጋሼ፣ ስክሪንዎ ላይ ምን ተከፍቷል?»

«የቆርቆሮው ነዋ። ቆጥሬ እስክመለስ ብዬ ነው የተውኩት።»

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ፎርም ሲከፈት ትራንዛክሽን ጀምሮ፣ ረድፉን ቆልፎ ሰው እስኪመለስ የሚጠብቅ ኮድ የጻፈው ሰው ነው። ትራንዛክሽን ሴቭ ሲጫን ይጀምር፣ እዚያው ይለቅ። ለማንኛውም ግን በትራንዛክሽን ውስጥ ሥራ ፈቶ የሚቆይን የሚያባርረውን ታይምአውት አንድ ደቂቃ አድርጉት።

ሪፖርት አንድ ደቂቃ ይፈጃል

ሰርቨሩ ባህር ማዶ ነው። አንድ ጥያቄ ደርሶ ሲመለስ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 300 ዕቃን አንድ በአንድ በሉፕ የሚጠይቅ ኮድ 45 ሰከንድ በመንገድ ብቻ ይጨርሳል። ሁሉንም በአንድ ኩዌሪ (ጥያቄ) ጠይቁ። ኢንተርኔቱን አትስደቡ።

ዲስክ ከሞላ አስፉ፤ እዚያው ላይ መልሳችሁ ማጥበብ ስለማትችሉ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይቋረጣል

ይህን ያየሁት አንዴ ነው፤ ግን በገበያ ቀን ነበር። ሰውየው አርዲኤስ ጥገና የሚያደርግበትን ሰዓት «ሌሊት 6 ይሁን» ብሎ ሰኞ 06:00 ሞልቶታል። ሰዓቱ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። 06:00 ማለት ሱቅ የሚጨናነቅበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የእሑድ ሌሊት 6 ሰዓትን ከፈለጋችሁ እሑድ 21:00 ብላችሁ ሙሉ። ቀኑ ያው እሑድ ነው።