የአእምሮ ጤና ድጋፍን ከኤችአይቪ ክትትል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ

በአሜሪካ ደቡባዊ ከተሞች፣ ለምሳሌ አትላንታና ጃክሰን፣ በኤችአይቪ ክሊኒክ የሚታከሙ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ጥቁር ወጣቶች ሪፈር ተጽፎላቸው የአእምሮ ሐኪሙ ጋ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ እንደገና ለማያውቁት ሰው ገመናን መዘርዘር! አማካሪው እዚያው ክሊኒክ ይቀመጥ።

ነርሷ ደም ከመቅዳቷ በፊት በር ዘግታ ድባቴን የሚለየውን አጭር መጠይቅ፣ የፒኤችኪው-2ን ሁለት ጥያቄዎች፣ ትጠይቅ፤ አብሮት የመጣ ሰው ካለ ውጭ ይጠብቅ። ከስድስቱ ነጥቦች ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን ፒኤችኪው-9 ይሞላል። እዚያ ላይ 10 እና በላይ ከሆነ አማካሪው በዚያው ዕለት፣ ወጣቱ ያለበት ክፍል ድረስ ይምጣ።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ግን ድምሩን ሳትጠብቁ እዩት፤ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው እሱ ነው። መልሱ «በፍጹም» ካልሆነ፣ ዕቅድ እንዳለውና ቤቱ ሽጉጥ መኖሩን ሳትጠይቁ አታሰናብቱት። ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች የሚሠራውን የ988 የስልክ መስመር ስትሰጡ ግድግዳውንም ተመልከቱ፦ «3ን ይጫኑ» የሚለው ፖስተር አርጅቷል፤ በዚያ ቁጥር ይገኝ የነበረው ለኤልጂቢቲኪው (ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ፣ ለትራንስጀንደርና ለመሰል) ወጣቶች የተለየው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ቆሟል። 988 ራሱ ግን ይሠራል።

እንቅልፍ አጣሁ ካለ ሁሉንም በድባቴ አታሳቡ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉተግራቪርን ማታ የሚወስድ ከሆነ ወደ ጠዋት ቢዛወር ሊሻለው ይችላል። ለጭንቀት ብሎ ሴንት ጆንስ ዎርት ጀምሮ እንደሆነም ጠይቁ፤ ይህ ዕፅ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ያወርዳል።

ኢንሹራንስ ለሌለው፣ የኤችአይቪ ታካሚዎችን በሚረዳው የፌዴራል መንግሥት የራያን ዋይት ፕሮግራም በኩል መሞከር ይቻላል። እስከ 26 ዓመቱ በወላጅ ኢንሹራንስ የሚታከም ከሆነ ደግሞ የክፍያ መግለጫው ወላጆቹ ቤት ድረስ ሊላክ ይችላል፤ አድራሻው አስቀድሞ ይቀየርለት።