የልጅነት የጦርነት ኮሚኮችን እንዴት ማሰባሰብና ከጅማ እርጥበት መጠበቅ እንደሚቻል

በልጅነታችን ጅማ ውስጥ አንድ የጦርነት ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ሽፋኑ ተላልጦ እስኪያልቅ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ እንግሊዝኛውን በቅጡ የማናነብ ልጆች እንኳ ሥዕሉን እያየን ታሪኩን ለታናናሾቻችን እንተርክላቸው ነበር። እነዚያን መጻሕፍት መልሶ ማሰባሰብ የሚፈልግ ሰው ከገበያው በፊት ትዝታውን ቢፈትሽ ይሻለዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ደብተር ይያዙና የሽፋኑን ቀለም፣ የወታደሩን የራስ ቁር፣ መጽሐፉን ያዋሰዎትን ልጅ፣ ያነበቡበትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ። መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ ዓይን ያየው ልብ የያዘውን ይሸፍነዋልና ይህ ሥራ መቅደም አለበት። እኔ ለዓመታት ቀይ ነው ስለው የኖርኩት ሽፋን ሳገኘው ሰማያዊ ነበር፤ ቀዩ ለካ መጽሐፉን ተከናንቤ ያነበብኩበት የእናቴ ብርድ ልብስ ኖሯል።

ቀጥሎ ፍለጋ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን ያስተምሩ ነበር፤ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ አገራችን መጥተዋል። ከእነርሱ የተረፈ ኮሚክ ሊገኝ ስለሚችል፣ በዚያ ዘመን የተማሩ ወይም ከእነርሱ ጋር የሠሩ አረጋውያን ቤት ያሉ የቆዩ ካርቶኖችን በትሕትና ጠይቆ ማየት ተገቢ ነው። በሂርማታ ገበያም አሮጌ ወረቀት የሚሸጡትን፣ ወረቀቱ የቅመም መጠቅለያ ሳይሆን ቀድመው ያነጋግሩ።

የተገኘውን መጽሐፍ ዕድሜ ለማወቅ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዋጋ ይመልከቱ። እንግሊዝ አሮጌውን የገንዘብ ሥርዓት የተወችው በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ዋጋው በሺሊንግ ብቻ የታተመበት የእንግሊዝ ኮሚክ ከዚያ በፊት የወጣ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና 18 በ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው የእንግሊዝ የጦርነት ኮሚክ «ኮማንዶ» የድሮ ታሪኮቹን ደጋግሞ ስለሚያትም፣ ሽፋኑ የታወቀ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የእትሙን ቁጥርም ያመሳክሩ። ዲሲና ማርቬል የተባሉት የአሜሪካ አሳታሚዎች መደበኛ እትሞች ደግሞ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. መገባደጃ 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ከዚያ እስከ 1969 እ.ኤ.አ. 12 ሳንቲም ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው አጠባበቁ ነው። ኮሚኮቹ የታተሙበት የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨቱ ያልወጣ ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት በብርሃንና በአየር ይጠወልጋል፤ በዚህ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው የጅማ ዝናብ ሲጨመር ሻጋታው ይነሣል፣ የስቴፕለሩ ሽቦም ዝጎ ገጹን ይበላል። የረጠበ መጽሐፍ ሲያገኙ በየገጾቹ መካከል ነጭ ወረቀት አስገብተው፣ ወረቀቱን እየለወጡ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ይገድለዋል። ሻጋታ ካለው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። የተቀደደውን በስኮች አይለጥፉ። እኔ በወጣትነቴ የለጠፍኩት ስኮች ቢጫ ሆኖ የአንድ አብራሪን ፊት አጥፍቶብኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የደረቀውን ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ በተሠራ መያዣ፣ ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርገው፣ በሳጥን ውስጥ ያቁሙት። ተራ ፌስታልና ሽታ ያለው ለስላሳ ላስቲክ ወረቀቱን ይጎዳሉ። ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ከውጭ ግድግዳም ይራቅ። እርጥበት የሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ከተገኘ በውስጡ ይጨምሩና በየጊዜው ይለውጡት። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ግን አያስቀምጡ፤ ወረቀት ጭስ ይይዛል፣ የያዘውንም በቀላሉ አይለቅም።

በእስክሪብቶ የተጻፈ የልጅ ስም ካገኙ አይፋቁት። ለነጋዴ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ለእኛ ግን መጽሐፉ የማን እንደነበረ የሚነግረን እርሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱን ኮሚክ ይዘው አብረው ያነበቡትን ባልንጀሮችና ታላላቆችን ይጠይቁ። አሜሪካዊው የኮሚክ ደራሲ ሐርቪ ከርትዝማን በ1951 እ.ኤ.አ. የኮሪያን ጦርነት በኮሚክ ሲያቀርብ፣ የእኛ የቃኘው ሻለቃም በዚያው ዓመት ኮሪያ ዘምቶ ነበር፤ ስለዚህ ዘማች ያለበት ቤተሰብ ሥዕሉን ሲያይ የሚያወራው ነገር አይጠፋም። የሰሙትን በመጀመሪያው ደብተር ላይ ከራስዎ ትዝታ ጎን ይጻፉ፤ ለኮሚኩና ለደብተሩ ገጽም አንድ ዓይነት ቁጥር ይስጡ። የደብተሩን ወረቀት ግን ከኮሚኩ ጋር በአንድ መያዣ ውስጥ አይክተቱት፤ አሲዱ ወደ ሽፋኑ ይተላለፋል።