የመጀመሪያውን የአብራሪነት ውል ከመፈረማችሁ በፊት፦ ቀጣሪ አየር መንገድን እንዴት ማጣራት ይቻላል

የንግድ አብራሪነት ፈቃዱ እጅ ከገባ፣ ባለ ብዙ ሞተር አውሮፕላን የማብረር (መልቲ ኢንጂን) እና በመሣሪያ ንባብ ብቻ የመብረር (ኢንስትሩመንት) ሬቲንጉም ከተጨመረበት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ የሥራ ጥሪ ዓይን አስጨፍኖ ያስፈርማል። የሥልጠናው ዕዳ አለ፤ ሎግቡኩ (የበረራ ሰዓት መዝገቡ) ላይ ያለው 200 ወይም 250 ሰዓት ነው፤ ቤተሰብም «መቼ ነው የምትጀምሩት?» እያለ ይጠብቃል። ይሁንና የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚወስነው ይህ ድርጅት ነው፤ በወር ስንት ሰዓት እንደምትበሩ፣ በምን ዓይነት አውሮፕላን፣ ስትለቁስ ምን ያህል ዕዳ ይዛችሁ እንደምትወጡ። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ አብዛኛው መረጃም በነጻ ይገኛል።

ድርጅቱ ማን ነው?

መጀመሪያ ኤ.ኦ.ሲ. የሚባለውን የአየር ኦፕሬተር ሰርተፊኬት የሰጠው የየትኛው ሀገር ባለሥልጣን እንደሆነ አጣሩ፤ በኢትዮጵያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስምና የሥራ ውሉ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ ቀጣሪያችሁ አየር መንገዱ ሳይሆን ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዝ ሲቀር የምትጠይቁትም ኤጀንሲውን ይሆናል። ለማመልከቻ ወይም ለቃለ መጠይቅ «የፕሮሰስ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ አቁሙ።

ቀጥሎ የአውሮፓ ኅብረትን የአየር ደኅንነት ዝርዝር እዩ፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታደሰ ይወጣል፣ ወደ ኅብረቱ እንዳይበሩ የታገዱትን ያሳያል። የዓለም አቀፉን የአየር መንገዶች ማኅበር (አያታ) የደኅንነት ኦዲት ያለፉትን የሚዘረዝረው የአዮሳ መዝገብም ክፍት ነው። ካራቫን የመሰሉ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ብቻ የሚያበር ድርጅት አዮሳ ላይ ባይገኝ አያስደነግጥም፤ ትልልቅ ጄት የሚያበር ከሌለበት ግን ምክንያቱን ጠይቁ። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍ.ኤ.ኤ. ምድብ 1 እና ምድብ 2 የሚለው ደግሞ የሀገሩን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንጂ አየር መንገዱን አይመዝንም። ሁለቱን አታምታቱ።

አውሮፕላኖቹ ይበራሉ ወይስ ቆመዋል?

የድርጅቱን ገንዘብ ጤና ለማወቅ የሒሳብ መግለጫ ማግኘት ሁልጊዜ አይቻልም፤ አውሮፕላኖቹን ግን ማንም ያያል። የእያንዳንዱን የምዝገባ ምልክት ጻፉና በረራዎችን በሚያሳየው ድረ ገጽ ፍላይትራዳር24 ላይ የ7 ቀን በረራውን ቁጠሩ። 12 አውሮፕላን ካለው ድርጅት አንድ ሁለቱ ለከባድ ጥገና ቢቆሙ ደንበኛ ነገር ነው። አምስቱ ከቆሙ ግን ወይ መለዋወጫ ጠፍቷል፣ ወይ የኪራይ ክፍያ ተቋርጧል፣ ወይ ገበያ የለም። የህንዱ ጄት ኤርዌይስ በኤፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. በረራ ከማቆሙ በፊት ኪራይ ባለመከፈሉ አውሮፕላኖቹ ተራ በተራ ከሥራ ሲወጡ፣ የአብራሪዎቹም ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ቆይቶ ነበር። ምልክቱ በይፋ ይታይ ነበር ማለት ነው።

የጥገናውን ሁኔታ ደግሞ እዚያ ከሚሠራ ረዳት አብራሪ ትሰማላችሁ። «ደኅንነቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ ምንም አይጠቅምም። ይልቅ «ጠዋት አውሮፕላን ስትረከቡ ቴክኒካል ሎጉ ላይ በአብዛኛው ስንት የተላለፈ ብልሽት ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቴክኒካል ሎግ የአውሮፕላኑ የብልሽትና የጥገና መዝገብ ነው፤ የተላለፈ ብልሽት ደግሞ ጥገናው ለሌላ ቀን የተላለፈ ነው። ምን ተበላሽቶ መብረር እንደሚቻል በሚወስነው ኤም.ኢ.ኤል. በሚባለው ዝርዝር መሠረት ምድብ ቢ ብልሽት በ3 ቀን፣ ምድብ ሲ በ10 ቀን፣ ምድብ ዲ በ120 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። ቀኑ ሲደርስ እየተራዘመ፣ ክፍሉ ከአንዱ አውሮፕላን ተፈትቶ ለሌላው እየተገጠመ የሚዘለቅ ከሆነ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ እንደሌለ ጠርጥሩ። በድካም ምክንያት በረራ የተወ አብራሪ ምን እንደሚደርስበት፣ ካፒቴኑ ተጨማሪ ነዳጅ ሲያዝዝ ማብራሪያ ይጠየቅ እንደሆነም ጠይቁ። ቢያንስ ሦስት ሰው አነጋግሩ፤ አንዱ ከድርጅቱ የለቀቀ፣ አንዱ ባለፈው ዓመት የተቀጠረ ይሁን።

የአደጋ ታሪክ ስታነቡ በአደጋው ቁጥር ላይ አትቁሙ፤ የምርመራ ሪፖርቱን ክፈቱና ስለ ሥልጠናና ስለ ዕረፍት የሚለውን ፈልጉ። በፌብሩዋሪ 2009 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው የሞተበት የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ለጀማሪ ብዙ ያስተምራል። ረዳት አብራሪዋ ቤዟ (ሥራ የምትጀምርበት አየር ማረፊያ) ኒውዋርክ ሆኖ የምትኖረው ሲያትል አካባቢ ነበር፤ ሌሊቱን በአውሮፕላን ተጉዛ ነው ለሥራ የደረሰችው፤ ደመወዟም አነስተኛ ነበር። ስለዚህ ቤዙ የት እንደሆነ፣ በደመወዙ እዚያው ቤት ተከራይቶ መኖር ይቻል እንደሆነ አስሉ። ይህ ከኪስ አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ቦንዱ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቦንድ ማለት የአገልግሎት ግዴታ ነው፤ አየር መንገዱ ታይፕ ሬቲንጉን (አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያበቃውን ሥልጠናና ፈቃድ) ከፍሎላችሁ በምትኩ ለተወሰነ ዓመት አገልግሉ ይላል። ነገሩ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉ የሚያደርገው አጻጻፉ ነው። ለምሳሌ ዕዳው 30,000 ዶላር፣ ጊዜው 36 ወር ይሁን። በየወሩ የሚቀንስ ከሆነ በ20ኛው ወር ብትለቁ የቀረው 16 ወር ነውና 13,333 ዶላር ትከፍላላችሁ። «ጊዜውን ካልፈጸመ ሙሉውን ይመልሳል» የሚል ከሆነ ግን በ35ኛው ወር ብትለቁም 30,000 ነው። ሁለቱ ውሎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይለያያሉ።

ቆጠራው የሚጀምርበትን ቀንም ፈልጉ። ከፊርማው ቀን ነው? ታይፕ ሬቲንጉ ከተጠናቀቀበት? ወይስ ላይን ትሬኒንግ (በመደበኛ በረራ ላይ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር የሚደረገውን ሥልጠና) ጨርሳችሁ ያለ አሠልጣኝ እንድትበሩ ከተፈቀደላችሁበት? የሲሙሌተር ወረፋ ስድስት ወር ቢያስጠብቅ ቦንዱ ያለ ቆጠራ በስድስት ወር ይረዝማል። ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብታችሁ፣ ቢከስር፣ ወይም የሕክምና ሰርተፊኬታችሁን ብታጡ ዕዳው እንደሚሰረዝ በጽሑፍ መኖር አለበት። በኢትዮጵያ ዋስ አቅርቡ ከተባላችሁ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር ይጻፍ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም ይላል። ዋስ የሚሆነው አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ነውና እሱም ያንብበው።

ታይፕ ሬቲንጉን በራሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ቤዝ ትሬኒንጉ በዋጋው ውስጥ እንዳለ አረጋግጡ። በአውሮፓ ደንብ ልምድ የሌለው አብራሪ ከሲሙሌተሩ በኋላ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢያንስ 6 ማረፍ ይጠበቅበታል፤ ያ ካልተሠራ ሬቲንጉ ፈቃዱ ላይ አይገባም። በቀኝ ወንበር (በረዳት አብራሪው ቦታ) 500 የበረራ ሰዓት በገንዘብ የሚሸጡላችሁን ግን ተዉአቸው። ሰዓቱ ሲያልቅ ወንበሩን ለቀጣዩ ከፋይ ለመስጠት ሲባል ትሰናበታላችሁ።

ሰዓትና ደመወዝ

ለሙሉ ኤ.ቲ.ፒ.ኤል. (ለከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ) 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። 250 ይዞ ለጀመረ 1,250 ይቀረዋል፤ በወር 60 ሰዓት ቢበር 21 ወር ገደማ፣ በወር 25 ቢበር 50 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ቅጥር ክፍሉ የሚናገረውን አማካይ ትታችሁ በቅርብ የተቀጠረ ረዳት አብራሪ ያለፉት ሦስት ወራት ሮስተሩን (የሥራ ፕሮግራሙን) እንዲያሳያችሁ ለምኑት። በየወሩ 90 ሰዓት ይዞር እንደሆነም ተጠንቀቁ፤ የአውሮፓ ደንብ በካላንደር ዓመት ከ900፣ የአሜሪካው በ365 ቀን ከ1,000 ሰዓት በላይ አይፈቅድም፤ እዚያ ጫፍ ላይ የሚኖር አብራሪ ይደክማል።

ደመወዝ በበረራ ሰዓት የሚከፈል ከሆነ የተረጋገጠው ዝቅተኛ የወር ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። በአሜሪካ ክልላዊ አየር መንገዶች 75 ሰዓት አካባቢ የተለመደ ነው፤ እዚያ ግን ጀማሪ በአየር መንገድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ካሟላ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያ ሥራው ብዙ ጊዜ አስተማሪነት ነው። በሥልጠናው ወራት ደመወዝ መኖሩን፣ ሆቴሉን ማን እንደሚችል ሳይጻፍ አትለፉ።

ከሀገር ውጭ ለሚቀጠሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የምትበሩት በቫሊዴሽን (ያ ሀገር የራሳችሁን ሀገር ፈቃድ ለጊዜው አጽድቆላችሁ) ከሆነ ሥራው ሲያበቃ እሱም ያበቃል፤ ሰዓቱ ሎግቡካችሁ ላይ ይቀራል፤ የዚያ ሀገር ፈቃድ ግን አይኖራችሁም። ኮንቨርዥን (ፈቃዳችሁን ወደዚያ ሀገር ፈቃድ መለወጥ) የሚያሠራ ድርጅት ይሻላል። የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው ስም የተያዘ ከሆነ፣ ሥራው በተቋረጠ በስንት ቀን ሀገሩን መልቀቅ እንዳለባችሁ፣ የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚከፍል ከመሄዳችሁ በፊት ይታወቅ።

ጥያቄዎቻችሁን ሁሉ በኢሜይል ላኩ፤ በስልክ የተመለሰላችሁንም «በተነጋገርነው መሠረት» ብላችሁ ጽፋችሁ መልሱላቸው። ውሉን ወስዳችሁ የሥራ ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ እንዲያየው ቢያንስ አምስት ቀን ጠይቁ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ካሏችሁ የቦንዱን አንቀጾች እንደገና አንብቡ፤ የሚያስቸኩላቸው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።