በስደት አገር ሳምንታዊ የዮጋ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ፣ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ፣ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚሰግድበት መስጊድ አያጣም። የሚያጣው ሰርግና ለቅሶ ሳይጠብቅ በየሳምንቱ የሚያገኘውን፣ ሲቀርም «ምነው ጠፋህ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ነው። አንዱ ለሌሊት ሽፍት ሲወጣ ሌላው ከቀን ሽፍት ይገባል፤ ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶች የልጅ ልጅ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ መኪና የማይነዳ ሰው ከቤት ለመውጣት የሌላውን ትርፍ ጊዜ ይጠብቃል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ ብቸኝነትንና ከሰው መነጠልን አገሪቱ ልትሠራበት የሚገባ የጤና ጉዳይ አድርገው አቅርበውታል።

በቡድን የሚሠራ ዮጋ ለዚህ ችግር የሚመች መሣሪያ ነው፤ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም፣ ውድድር የለበትም፣ የ25 ዓመት ወጣትና የ70 ዓመት እናት በአንድ ክፍል ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሰውን ከሰው የሚያቀራርበው እንቅስቃሴው ብቻ ነው ብሎ መጀመር ያሳስታል። በየጂሙ ለዓመታት ጎን ለጎን ሠርተው የአጠገባቸውን ሰው ስም የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ምክሬ ቡድኑን እንደ እቁብ ማቋቋም ነው፤ የታወቁ ሰዎች፣ የማይለዋወጥ ቀንና ሰዓት፣ በተራ የሚደርስ ኃላፊነት፣ ከልምምዱም በኋላ አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ሰዎቹን ያግኙ። ለመነሻ ከ6 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ሁለት ሰው ሲቀር ክፍሉ ባዶ ይመስላል፣ ከዚያ ከበዛ ደግሞ ሁሉም ሰው የሁሉንም ስም ለመያዝ ይቸገራል። በፌስቡክ ማስታወቂያ ከማውጣት ይልቅ የሚያውቋቸውን ሦስት ሰዎች በስልክ ደውለው ይጋብዙና እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው እንዲመጡ ይጠይቁ። ሲጋብዙም በቅርቡ ወደ ከተማው የመጣውን፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉትን እናት፣ በሥራ ጠባይ ከማኅበራዊ ኑሮ የራቀውን ሰው አስቀድሙ። ለጤናቸው የሚጠነቀቁና ጊዜ ያላቸው ሰዎች ሳይጠሩም ይመጣሉ፤ ቡድኑ በዋናነት የሚያስፈልጋቸው ግን ተለምነው የሚመጡት ናቸው። ለሁለት ወር ብቻ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለመገኘት ቃል እንዲገቡ ይጠይቋቸው፤ መጨረሻው የታወቀ ነገር ለመጀመር አያስፈራም።

የሃይማኖት ጥያቄ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት በግልጽ መነሣት አለበት፤ ይህን ያለፈ ቡድን በኋላ በሐሜት ሲፈርስ ማየት አያስደንቅም። ዮጋ መነሻው ሕንድ ነው፣ በጥንት መልኩም ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር የተቆራኘ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዛሬ በየማኅበረሰብ ማዕከሉ የሚሰጠው አብዛኛው ግን ሰውነትን የማፍታታት፣ ሚዛን የመጠበቅና የአተነፋፈስ ልምምድ ነው። ያም ሆኖ አንዳንድ አስተማሪዎች በመጨረሻ መዳፋቸውን ገጥመው «ናማስቴ» ይላሉ፣ አንዳንዶች «ኦም» እያሉ ያዜማሉ፣ የሕንድ አማልክት ምስል የሚቀመጥባቸው ስቱዲዮዎችም አሉ። ለአንድ ኦርቶዶክስ፣ ለአንድ ፕሮቴስታንት ወይም ለአንድ ሙስሊም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ከአስተማሪው ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ዜማ፣ ምስልና ጸሎት መሰል ነገር እንደማይኖር፣ ልምምዱ በእንቅስቃሴና በትንፋሽ ብቻ እንደሚወሰን ይነጋገሩ። ለተጋባዦቹም ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ይንገሩ። የነፍስ አባቴን፣ ፓስተሬን ወይም ሼኼን ልጠይቅ የሚል ሰው ቢኖር ጊዜ ይስጡት። ስሙን ለውጦ «ስፖርት ነው» ብሎ ሰው ማምጣት ግን ከሁሉ የከፋ አካሄድ ነው፤ በኋላ የተታለልኩ ያለ ሰው ከቡድኑ ብቻ ሳይሆን ከጋባዡም ይርቃል። ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም ያለውን ሰው ሳይከራከሩ ከልምምዱ በኋላ ላለው ቡና ብቻ ይጥሩት፤ የሚፈለገው ሰውየው ነውና።

ቀንና ሰዓት ሲመርጡ እሑድ ጠዋት የቅዳሴ፣ ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት መሆኑን ያስቡ። ለብዙዎች የሚመቸው ቅዳሜ ረፋድ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በመልእክት ሲያሳውቁ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ፤ «ጠዋት 4 ሰዓት» ሲባል አንዱ ረፋዱን፣ ሌላው ሊነጋ ሲል ያለውን ሰዓት ሊረዳ ይችላል። 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም እስከ ቀትር ወይም ከዚያም በላይ የሚጾሙ ሰዎች ስለሚኖሩ፣ በረመዳን ደግሞ ውኃም ስለማይጠጣ፣ በእነዚህ ወቅቶች ልምምዱን አጠር ያለና ተቀምጠው የሚሠሩት ያድርጉት እንጂ አያቋርጡት። በጾም ምክንያት ለሁለት ወር የተበተነ ቡድን ተመልሶ ለመሰብሰብ ይከብደዋል።

ለቦታው በቅድሚያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍሎችን፣ የማኅበረሰብ ማዕከላትንና በአፓርታማ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ የጋራ አዳራሾችን ይጠይቁ። አንድ የዮጋ ምንጣፍ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 1 ሜትር ከ73 ርዝመት አለው፤ በዙሪያው እጅ የሚዘረጋበት ቦታ ሲጨመር ለአሥር ሰው ከ30 እስከ 40 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ከክፍሉ ማማር ይልቅ በአውቶቡስ ወይም በሜትሮ የሚደረስበት መሆኑ ይበልጣል፤ ለምሳሌ በሲልቨር ስፕሪንግ የሬድ ላይን ባቡር ጣቢያ አካባቢ የተገኘ ክፍል መኪና ለሌላቸው ሁሉ ይከፈታል። በበጋ በስላይጎ ክሪክ ፓርክ ሣር ላይ መሥራት ይቻላል፤ ብዙ ሰው በሚያልፍበት ቦታ መሥራት የሚያሳፍራቸው እናቶች እንዳሉ ግን አይርሱ።

አስተማሪ ሲፈልጉ «ዮጋ አሊያንስ» በሚባለው ድርጅት መዝገብ የ200 ሰዓት ሥልጠና ማጠናቀቁ የተመዘገበ ሰው መሆኑን መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን የመንግሥት የሥራ ፈቃድ ስላልሆነ ብቻውን አይበቃም። አረጋውያንን አስተምሮ ያውቃል ወይ? በወንበር ላይ የሚሠራ ዮጋ ይችላል ወይ? የኃላፊነት ኢንሹራንስ አለው ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ የክፍሉ ባለቤቶችም ሊጠይቁ ይችላሉ። ሥልጠናውን የወሰደ አማርኛ ተናጋሪ ካገኙ ከማንም ያስቀድሙት። ካላገኙ ከአባላቱ አንዱ ከአስተማሪው አጠገብ ሆኖ እያንዳንዱን መመሪያ በአማርኛ ይድገመው። አሠራሩን ለመቅመስ የሚፈልግ ሰው ካለ ሰኔ 14 ቀን ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ከሰየመ ወዲህ፣ ከ2015 ጀምሮ በብዙ ከተሞች በአደባባይና በመናፈሻ ነጻ ልምምድ ይሰጣል።

የአንድ ሰዓት ልምምድ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሁሉም ሰው፣ ወጣቱም ጭምር፣ በወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ጉልበቷን የሚያማት እናት ብቻዋን ወንበር ላይ የቀረች አይመስላትም። በወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው፣ ውስጥ እግርን ሙሉ በሙሉ መሬት አስረግጠው፣ መዳፍን ጉልበት ላይ ያኑሩ። ትንፋሽ ሲያስገቡ ደረትን ወደፊት ከፈት፣ ትከሻን ወደኋላ ሳብ ያድርጉ፤ ሲያስወጡ ጀርባን አጉብጠው አገጭን ወደ ደረት ያቅርቡ። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋግሙ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የዋለ ሾፌርም ሆነ በሽተኛ ስታነሣ የዋለች ነርስ ጀርባቸው ሲላላ ይሰማቸዋል። ትንፋሹን በቁጥር ይምሩት፤ ሲገባ እስከ አራት፣ ሲወጣ እስከ ስድስት ይቆጠር፤ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም ሰውነት ይረጋጋል። ቆጠራው ለአስተማሪው ብቻ አይተው፤ በየሳምንቱ አንድ ሌላ አባል ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ይቁጠር። በስብሰባ ላይ አንድ ቃል የማይተነፍስ ዓይን አፋር ሰው ሁሉም በእሱ ድምፅ ሲተነፍሱ ቦታ እንዳለው ያውቃል።

ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል በዋናነት ቆሞ የሚሠራው ይመጣል። ከሚዛን ልምምዶች ውስጥ በአንድ እግር የሚቆመውን በክብ ሆነው፣ መዳፍን ከጎረቤት መዳፍ ጋር አግጥመው ይሥሩት፤ አንዱ ሲንገዳገድ ሌላው ይደግፈዋል፤ ሳቁም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሴቶች ከሴቶች፣ ወንዶች ከወንዶች ጎን እንዲሆኑ ያመቻቹ፤ መነካካት ለማይፈልግ ሰው ግድግዳ ይበቃዋል። ቆመው ለሚሠሩ የፓርኪንግና የሆቴል ሠራተኞች መሬት ተኝቶ እግርን ግድግዳ ላይ ወደላይ አስደግፎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ትልቅ እረፍት ነው። የመጨረሻው አሥር ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ ዝም የሚባልበት ነው። ሰውነት በዚህ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ሁሉም ሰው ጋቢ ወይም ነጠላ ይዞ ይምጣ፤ ጋቢው ግን ለመልበስ ብቻ ነው፣ ቆመው ቢሠሩበት ያንሸራትታል። ልብሱ ሰፊ ሱሪና ቀሚስ ቢሆን ነውር የለውም።

ጥንቃቄውን በአጭሩ ልግለጽ። ከከበደ ምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆዩ አይሥሩ። ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው ራስን ወደታች ከሚያደርጉ አቀማመጦች ይራቅ፣ ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር። ሕመም ከተሰማ ይቆማል፤ «ቻለው» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን፤ ክፍሉን ሲያስይዙ ለአንድ ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይያዙት፤ ሁለተኛው ሰዓት የቡና ነው። በቤተ መጻሕፍትና በአዳራሽ ውስጥ እሳት ማንደድና ዕጣን ማጨስ ስለማይፈቀድ፣ ተረኛው ቤቱ በጀበና ያፈላውን በፔርሙስ ይዞ ይምጣ፤ ከቆሎና ከዳቦ ያለፈ ድግስ ግን በቁርጥ ይከልከል። አንዷ ዶሮ ወጥ ይዛ ከመጣች ቀጣይዋ ማነስ አትፈልግም፣ አቅም የሌላትም ተራዋ ሲደርስ ትቀራለች። ሰዎች ምንጣፋቸውን ጠቅልለው እንዳይበተኑ ወንበሮቹን ከልምምዱ በፊት በክብ ደርድሩ፤ አዲስ የመጣ ሰው ካለ ከአንድ ነባር አባል ጎን ይቀመጥ። ለጨዋታው ሁለት ደንቦች በመጀመሪያው ቀን ይነገሩ። አንደኛው፣ የአገር ቤት ፖለቲካ በዚህ ሰዓት አይነሣም፤ ያለፉት ዓመታት ጦርነትና መከፋፈል በውጭ ባለው ማኅበረሰብ ውስጥ ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ ሁላችንም አይተናል፣ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት ከዚያ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው፣ የማንም የመኖሪያ ወረቀት አይጠየቅም። ከዚህ ውጭ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ የሚነሣው ወሬ ራሱ የመረዳዳት በር ነው፤ ለማን አስተርጓሚ፣ ለማን መኪና እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ነው።

ወጪው ክፍል፣ አስተማሪና ቡና ነው። መዋጮው በጣም ትንሽ ይሁን፤ አንድ ገንዘብ ያዥ ይመረጥ፣ ሒሳቡ በየወሩ በቴሌግራም ገጹ ላይ ይለጠፍ፣ መክፈል ያልቻለ ሰው ለገንዘብ ያዡ ብቻ ነግሮ ይለፍ። የተረፈው ለአዲስ ገቢዎች ምንጣፍ ይግዛ።

በየሳምንቱ አንድ ሰው ጠሪ ይሁን። የጠሪው ሥራ የቀረውን ሰው በዚያው ዕለት ማታ መደወል ነው፤ መልእክት መላክ አይበቃም፣ ድምፅ ያስፈልጋል። ጥያቄው «ለምን ቀረህ?» ሳይሆን «ደህና ነህ ወይ?» ይሁን። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ የቀረ ሰው ካለ፣ በተለይ ብቻውን የሚኖር ከሆነ፣ ሁለት ሰው ቤቱ ድረስ ይሂድ። መኪና ያላቸው አባላትም መንገዳቸው ላይ ያለውን ሰው ይዘው እንዲመጡ ዝርዝሩን የሚይዘው ይኸው ጠሪ ነው።

ሌላ አገር ያላችሁ እንደ ሁኔታው ለውጡት። በእስራኤል ማትናስ የሚባሉት የማኅበረሰብ ማዕከላት ለቦታው ይመቻሉ፣ ቀኑ ግን ከቅዳሜ ሰንበት ውጭ መሆን አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች የእረፍት ቀናቸው ስለማይገጣጠምና አንዳንዶቹም ከቤት መውጣት ስለማይፈቀድላቸው፣ በስልክ በድምፅ ብቻ የሚመራ የሃያ ደቂቃ የትንፋሽና የማፍታታት ልምምድ፣ ከዚያም ሃያ ደቂቃ ጨዋታ፣ የተሻለ መነሻ ነው።

አባላቱ ከ15 ሲበልጡ ቡድኑን ለሁለት ይክፈሉት። አዲሱ ቡድን በአዲስ ሰዎች ብቻ እንዳይቆም ከነባሮቹ ሦስት አራቱ አብረው ይሂዱ፤ ከእነሱም አንዱ አስቀድሞ የጠሪነቱን ሥራ የለመደ ይሁን።