የቀን መብራት በጭነት መኪና ላይ ስትገጥሙ ልትሳሳቱባቸው የማይገቡ ነገሮች

የቀን መብራት ማለት መኪናው ቀን ከሩቅ እንዲታይ ከፊቱ የሚበራ ኤልኢዲ ነው። እሱን ፓራውልት ላይ ማሰር ማንም ይችላል። ሥራው ሽቦው ላይ ነው። ተበላሸ ተብሎ የሚመጣ የቀን መብራት ሲፈታ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ራሱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ኤሌክትሪኩ የተወሰደበት ቦታ ላይ ነው።

ከአንድ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ

ከዚህ የምጀምረው ማየቱ ስለሰለቸኝ ነው። ብዙ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረዋል። የተገዛው መብራት ባለ 12 ሆኖ ሲገኝ ገጣሚው ከሁለቱ ባትሪዎች መሃል ሽቦ ያወጣና ከአንዱ ብቻ ይወስዳል። ይበራል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሸኛል። ጉዳቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዲናሞው ሁለቱን የሚሞላው እንደ አንድ ባትሪ ቆጥሮ ነው፣ የትኛው እንደጎደለ አያውቅም። መብራቱ የሚስብበት ሁሌም ጎዶሎ ሆኖ ይከርማል፤ ሌላው ደግሞ ከልኩ በላይ እየተሞላ ይፈላል፣ ውሃውን ይጨርሳል። ሁለቱም ያለዕድሜያቸው ይሞታሉ።

አንድ ሾፌር ባትሪዎቹን በአዲስ ቀይሮ፣ ዲናሞውንም አስፈትሾ፣ ያው ችግር ስለተመለሰበት ተናዶ መጣ። የባትሪውን ክዳን ስናነሳ ከመሃል የወጣች ቀጭን ቀይ ሽቦ ወደ ቀን መብራቱ ትሄዳለች። ያን ሁሉ ወጪ ያስወጣችው እሷ ነበረች። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚል መብራት ግዙ፣ ካልተገኘ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገቡ። ሞተሩ ሲሠራ ባለ 24ቱ መስመር ወደ 28 ቮልት እንደሚወጣ፣ ባለ 12ቱም ከ14 ቮልት ሊያልፍ እንደሚችል ስትገዙ አስቡት።

ፊውዙን ያለቦታው ማስገባት

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ከሚነሳበት አጠገብ ይቀመጥ። ብዙ ጀማሪ መብራቱ ዘንድ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ሽቦው መንገድ ላይ በንዝረት ተፍቆ ሻንሲውን የነካ ቀን ፊውዙ ምንም አያይም፣ ሽቦው ግን ይቃጠላል። መጠኑም በስሌት ይሁን። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች በ12 ቮልት 1.7 አምፔር ገደማ ይስባሉ፣ 3 አምፔር ይበቃቸዋል። እጅ ላይ የተገኘውን 20 አምፔር መክተት ያለ ፊውዝ ከመሥራት ብዙም አይለይም።

ቁልፍ ሲጠፋም የሚበራ መስመር

ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ መስመር ፈልጉ፣ በቴስተር አረጋግጡ። በዚያችው በ1.7 አምፔር ሁለት ሙሉ ቀን የቆመ መኪና 80 አምፔር ሰዓት ያጣል፤ ባለ 70 ባትሪ ከዚያ በፊት ባዶ ነው። የቮልቱን ከፍታ አይተው ራሳቸው የሚያበሩና የሚያጠፉ ሳጥኖችም አሉ። ለቆየ መኪና ያገለግላሉ። ኮምፒውተሩ ዲናሞውን እንደየሁኔታው ዝቅ በሚያደርግበት አዲስ መኪና ላይ ግን መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ማታም እንደበራ መተው

ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ቀን ከሩቅ እንድትታዩ የተሠራ ብርሃን ማታ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 48 የፊት መብራት ሲበራ የቀኑ ራሱ እንዲጠፋ ያዛል። ለዚህ ነው ከመብራቱ ጋር የምትመጣው ትርፍ የምትመስል ቀጭን ሽቦ ያለችው። ቆርጣችሁ አትጣሏት፤ የመኪናው መመሪያ ወደሚፈቅደው የፊት መብራት መስመር አገናኟት። ዋናውን ኤሌክትሪክ ከፖዚሽን መብራት (ማታ ከሚበራው ትንሹ መብራት) የሚወስዱም አሉ፣ የነሱማ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀን ይጠፋል፣ ማታ ይበራል።

ለሾፌሩም ንገሩት። የቀን መብራት ብቻውን ሲበራ በብዙ መኪና ላይ የኋላው አይበራም። አመሻሽ ላይ ፊት ለፊቱ ብርሃን ስላየ ብቻ መብራት ያበራ መስሎት ጨለማ ጀርባ ይዞ ይነዳል፤ ከኋላ የሚመጣው የሚያየው ዘግይቶ ነው።

አቀማመጥ

በዚያው ደንብ ቁጥር 48 የቀን መብራቱ የሚቀመጠው ከመሬት ከ250 እስከ 1500 ሚሊሜትር ባለው ከፍታ መካከል፣ በሁለቱ መሃልም ቢያንስ 600 ሚሊሜትር። ቀለሙ ነጭ ብቻ። የራዲያተሩን አየር አትዝጉ።

ጥቃቅን የሚመስሉት

ሽቦ ነክሶ የሚይዘው ፕላስቲክ መቀጠያ ከፊት ለፊት፣ ውሃና ጭቃ በሚመታው ቦታ፣ አይሆንም። የሽቦውን ክሮች ይቆርጣል፣ ዝገት ያስገባል። ሽቦውን በማያያዣ ጨፍልቃችሁ ቀጥሉ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሱት።

ኔጌቲቩን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አታስሩት፣ ቀለሙን ፍቃችሁ ብረቱን አውጡ።

በማጣበቂያ ብቻ አትመኑ። የጭነት መኪና ይንቀጠቀጣል፤ በብሎን ይያዝ።

መብራቱ ተገጥሞ ሲያልቅ ቁልፉን አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ከባትሪው የሚወጣውን አምፔር ለኩ። ከመገጠሙ በፊት ለክታችሁ ከያዛችሁት ቁጥር ከበለጠ መኪናውን አትልቀቁ።