ከሐዋሳ ሐይቅ እስከ ብሪየንዝ ሐይቅ፦ አልፕስን በእግር ማየት ለምታስቡ

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሐዋሳ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የአልፕስን ተራሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል ኖሬ፣ በዓይኔ ያየኋቸው ግን በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ቱን ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጠራችኝ። ፍልሰታ እንደተፈታ ሄጄ አንድ ወር ቆየሁ። ከሞላ ጎደል በየቀኑ በእግሬ ስሄድ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ልጅ ወይም ወንድም አውሮፓ ያላቸው ሰዎች ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲያገኙኝ «ምን ይዤ ልሂድ? ጉልበቴስ ይችለዋል ወይ?» ይሉኛል። ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ከፍርሃቱ ልጀምር። አልፕስ ሲባል ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ይመስለዋል። እኛ ሐዋሳ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እህቴ አገር ያለው የብሪየንዝ ሐይቅ 564 ሜትር፣ ጎረቤቱ የቱን ሐይቅ 558 ሜትር ላይ ናቸው። ከእኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላሉ። ሳንባችሁ ለዚያ አገር ተዘጋጅቷል። የሚለየው ብርዱ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7ኛው ዲግሪ ላይ ነን፤ እነሱ 46ኛውን አልፈዋል። ስለዚህ 2,000 ሜትር እዚያ ሌላ ነገር ነው። ከኢንተርላከን ከተማ አጠገብ ሽኒገ ፕላተ የሚባል ቦታ አለ። ከፍታው 1,967 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ የሚሠራ ባለጥርስ ሐዲድ ባቡር ያወጣችኋል። ታች በስስ ሹራብ ተሳፍሬ ላይ ስደርስ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት የግድ ነው። እኔ ከሰልባጅ የገዛሁት አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ጫማ ላይ ግን አትቆጥቡ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አውሮፕላን አትግቡ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ገዝታችሁ እዚሁ ተለማመዱበት። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ታቦር ተራራ ወጣ ወረድ አልኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አላሙራ። ልምምዱ ለመውረድ መሆኑን ልብ በሉ። ዳገቱን ሁላችንም እንወጣዋለን፤ ጉልበትን የሚበላው ቁልቁለቱ ነው። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን በትንሹ አጠፍ አድርጉ፣ ምርኩዝ ያዙ። ምርኩዝ የሽማግሌ ነው ብላችሁ አትፈሩ። እዚያ የሃያ ዓመት ልጅ ሁለት ይዞ ነው የሚሄደው።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። ስዊዘርላንድ በሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው የሚገባው። ማመልከቻ ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይሆንም። እኔ ሳመለክት ክፍያው 90 ዩሮ ነበር። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። አንድ ወኪል «ትኬቱን ካልገዛሽ ቪዛ አይሰጡሽም» ብሎ ሙሉ ዋጋ አስከፈለኝ። ቪዛው ዘገየ፣ ቀኑን ለመቀየር ሌላ ብር ከፈልኩ። ቦታ ማስያዝ ይበቃል፤ ቪዛው ሳይወጣ ሙሉ ገንዘብ አትክፈሉ።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የግማሽ ዋጋ ካርድ ግዙ። ለአንድ ወር ያገለግላል። ባቡሩ፣ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ፣ መርከቡና ብዙዎቹ የተራራ ባቡሮች በግማሽ ዋጋ ይሆኑላችኋል። አገሩ ውድ ነው። ያለ ካርዱ እጅ ያጥራል።

ቀጥሎ ቢጫ ሰሌዳ ማንበብ ተማሩ። የእግር መንገዱ መገንጠያ ላይ ሁሉ ቢጫ ሰሌዳ ቆሟል። የሚጽፈው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው። ስሌቱ ሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ሰው ነው፤ ዕረፍት አይቆጠርም። በእኔ ዕድሜ ከሆናችሁ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ሰዓት ላይ ግማሹን ጨምሩበት። ድንጋይና ዛፍ ላይ ነጭ-ቀይ-ነጭ ቀለም ካያችሁ የተራራ መንገድ ነው፤ ጥሩ ጫማና የማይዞር ራስ ይፈልጋል። ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ካያችሁ ተመለሱ። እሱ ገመድና ልምድ ላለው ነው።

ሰዓትን ካነሳሁ አይቀር፣ የእኛ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመርከቡ ሰሌዳ 10:40 ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሄድ ውዬ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። መርከቡ ጠዋት አራት ከአርባ ላይ ሄዷል። የሚቀጥለውን በብርድ ጠበቅኩ። ማታ እህቴ «እትዬ፣ ስልክሽን ብቻ እመኚ፣ ራስሽን አትመኚ» አለችኝ። የመጨረሻውን መርከብና አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት ከቤት ሳትወጡ በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሁን ወደምወደው መንገድ። አንድ ቀን ብቻ ቢኖራችሁ ከኢዘልትቫልት ተነስታችሁ እስከ ጊስባህ ፏፏቴ በብሪየንዝ ሐይቅ ዳር ሂዱ። ኢዘልትቫልት ትንሽ መንደር ናት። እዚያ በተቀረጸ አንድ የኮሪያ ድራማ የተነሳ ወጣቱ ሁሉ እዚያ ድልድይ ላይ ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋል፤ ለመግባት አምስት ፍራንክ ያስከፍላሉ። እኔ አልከፈልኩም። ከመንደሩ ሁለት መቶ እርምጃ ስትርቁ ሐይቁ በነጻ የእናንተ ነው። መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው፤ በዛፎቹ መሐል ውኃው ይታያል። ቀለሙ አረንጓዴና ሰማያዊ ተቀላቅሎ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። የበረዶ ግግሩ ድንጋዩን እንደ ዱቄት ይፈጨዋል፤ ወንዞቹ ያንን ያመጣሉ፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንዲህ ይሆናል። ይህንን ስንት ዓመት ሳስተምር ቆይቼ እዚያ ስቆም እንባዬ መጣ። ሐይቁ ግን ምግብ ያነሰው ስለሆነ ዓሣው ጥቂት ነው። ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት የሚወጣውን ቆሮሶና አምባዛ ለለመደ ሰው ይገርማል።

ጊስባህ በ14 እርከን እየዘለለ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከፏፏቴው ጀርባ የሚያልፍ መንገድ አለ፤ ጃኬታችሁን ቆልፉ። ስትጨርሱ በእግር አትውረዱ። እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ በገመድ የሚጎተት ትንሽ ባቡር እስከ መርከቡ ማረፊያ ያደርሳችኋል።

መርከቡ ወደ ብሪየንዝ ያሻግራል። ብሪየንዝ የእንጨት ቅርጽ አገር ነው። ብሩንጋሰ የሚባለውን ጠባብ መንገድ ሳታዩ አትመለሱ፤ የቤቶቹ በረንዳና ጣሪያ ጠርዝ በእጅ የተፈለፈለ ነው። እስከ ዛሬ ይህንን ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከተማው ውስጥ አለ። ከብሪየንዝ በአውቶቡስ ባለንበርግ ትደርሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሙዚየም ነው። ከመላው አገሪቱ ተነቅለው የመጡ ከመቶ በላይ የድሮ ቤቶች እዚያ ተተክለዋል። ሙሉ ቀን ስጡት። ምድጃው ላይ እሳት የሚነድበት፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ማዕድ ቤት ገባሁ። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ሽታው የአያቴ ጓዳ ነው። ስዊዘርላንድም እንዲህ ኖራለች ብዬ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ከሁሉም ግን መስከረም ላይ ያየሁት ይበልጣል። ከቱን ሐይቅ በላይ ዩስቲስታል የሚባል ሸለቆ አለ። ገበሬዎቹ በበጋው ላሞቻቸውን ወደ ላይ ይልካሉ፤ እረኞቹ እዚያው አይብ ይሠራሉ። ብርዱ ሲመጣ አይቡ ተደርድሮ ለእያንዳንዱ ገበሬ ላሞቹ በሰጡት ወተት ልክ ይከፋፈላል። ከዚያ ላሞቹ በአበባ አጊጠው፣ ትልልቅ ደወል አንጠልጥለው ይወርዳሉ። ይህ የተራራ ግጦሽ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደመዘገበው። አጠገቤ ለቆሙት አዛውንት በእህቴ አስተርጓሚነት ስለ ፊቼ ነገርኳቸው። «ከብቶቻችሁስ ያን ቀን ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ሣር ይበላሉ፣ አይታረዱም አልኳቸው። ደስ አላቸው። ጉዟችሁን ከመስከረም ጋር ማገናኘት ከቻላችሁ አገናኙት።

መንገድ ላይ የምታገኙትን ሰው ሰላም በሉ፤ በዚያ አካባቢ «ግሩኤሰኽ» ይላሉ። የግጦሽ አጥር በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። ጥጃ ካላት ላም ራቁ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊመጣ ስለሚችል በጠዋት ውጡ። አደጋ ቢደርስ 112 ደውሉ፤ የሄሊኮፕተር አዳኞቹ ቁጥር 1414 ነው።

ለጿሚ ስንቅ ያስፈልጋል። ተራራ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች አይብና ሥጋ ነው የሚያቀርቡት፤ ድንች ጥብሳቸው እንኳ ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው። እኔ ረቡዕና ዓርብ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ እወጣ ነበር። ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ግን ከዚህ አትውሰዱ፤ ድንበር ላይ ይወሰድባችኋል። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ሸምቱ። ውኃ አትግዙ። በየመንደሩ ቀንና ሌሊት የሚፈስ ምንጭ አለ፤ «ካይን ትሪንክቫሰር» (የማይጠጣ ውኃ) ካልተጻፈበት ጠጡት።

ለእናቴ ከብሪየንዝ በእንጨት የተፈለፈለች ጥጃ አመጣሁላት። ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጣታለች።